የጠጠር ብርታት በምን ይመዘናል?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው የጣናን ሐይቅ በስተቀኙ እያደረገ እንፍራንዝ ይደርሳል። ከከተማዪቱ አጠገብ በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታየው የጉዛራ ግንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። መንገደኛ ሁሉ ዐይኑን ወደ ግንቡ ያነሣል። እኔ ግን ዛሬ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ዐይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከመንገዱ ዳር ከጥላ ሥር የተቀመጡትን ሁለት ልጆች እንድትመለከቱ እጠይቃችኋለሁ። በካርቶን ላይ መስመር አስምረው፣ የለቀሙትን የጠርሙስ ቆርኪ ደርድረው ዳማ ይጫወታሉ። የአንደኛው ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሁለተኛው ወደ ታች ያደረገ ነው። ከዚህ በቀር በቆርኪዎቹ መካከል ልዩነት የለም፤ ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም እኩል ናቸው።

በገበጣም እንዲሁ ነው። በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚዘሩት ጠጠሮች አንዱ ከሌላው አይበልጥም። አንድ ጠጠር የሚከብረው ወይም የሚቀለው በወደቀበት ጉድጓድ ምክንያት እንጂ በራሱ አይደለም። ይሁን እንጂ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የታወቀ አንድ ሌላ ጨዋታ አለ፤ እርሱም ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዥ ጠጠሮቹ ገና ከመነሻው እኩል አይደሉም። ንጉሥ አለ፤ ፈረሰኛ አለ፤ እግረኛም አለ። ስለዚህ ሰንጠረዥ የሚማር ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከእነዚህ ሁሉ ብርቱው የትኛው ነው?» ይላል።

ይህን ጥያቄ እኔም አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ከአንድ ተማሪዬ ሰምቼዋለሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ ጥቂት ልጆችን የጥንቱን የሰንጠረዥ ሕግ አስተምር ነበር። ጠጠሮቹን ራሳችን ከእንጨት ጠርበን ሠርተናቸዋል። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ከሁሉም ብርቱው የትኛው ነው?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «ደር ነው» አልኩት። «ደካማውስ?» ቢለኝ፣ «ፊል ነው» ብዬ መለስኩለት። ልጁ ቃሌን ይዞ ሄደ። በዚያው ሳምንት ከአንዲት የክፍል ጓደኛው ጋር ሲጫወት ሁለቱን ፊሎቹን በሁለት እግረኛ ለወጣቸው፤ ደሮቹን ግን እንደ ዐይኑ ብሌን ጠበቃቸው። በመጨረሻ ንጉሡ መውጫ አጥቶ ተያዘ። ልጁ ገበታውን እያየ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ደሮቼ እኮ አሉ!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሁለቱም ደሮች ከተነሡበት ማእዘን ሳይንቀሳቀሱ፣ በገዛ ወገኖቻቸው ተከበው ቆመው ነበር። የተሳሳተው ልጁ ሳይሆን መልሴ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አስተያየት የሚከተለው ነው። የአንድ ጠጠር ብርታት በስሙ ላይ ተጽፎ የሚኖር ነገር አይደለም። ብርታቱ የሚታወቀው ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ መቼ ሊሠራው እንደሚችልና ከማን ጋር ሆኖ እንደሚሠራው በአንድነት ሲመዘን ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ጨዋታውን ይሸነፋል። ከጨዋታ ውጭ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈርድ ሰው ደግሞ ከጨዋታ የሚበልጥ ነገር ያጠፋል።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰንጠረዥ የሚለው ስም ሻትራንጅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ዘር ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ወደ ብዙ ሕዝቦች እንደ ደረሰ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። በኢትዮጵያም በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ የተወደደ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1860 የሞተው የእንግሊዝ ቆንሲል ዎልተር ፕላውደንም ከሞቱ በኋላ በታተመው መጽሐፉ የጨዋታውን ሕግ ገልጾልናል። እነዚህንና ሌሎችን ማስረጃዎች ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 አሰባስቦ አሳትሟቸዋል። ጨዋታው በዚህ በጥንቱ ሕግ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ ዓመታት ድረስ ዘልቋል።

ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀበት የተቀባ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤቶች ይከፈሉበት ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠሮች አሉት፤ እነርሱም አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ናቸው። መደቅ የተባለው እግረኛው ነው፤ አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሲመታ ግን በሰያፍ ወደ ፊት ነው። ደር በቀጥታ መስመር፣ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ፣ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ፈረስ ይዘልላል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ደግሞ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘልላል፤ በመካከል ሌላ ጠጠር ቢኖርም አያግደውም።

እንግዲህ ብርታትን በቁጥር ብቻ እንለካ ብንል ሥራው ቀላል ነው። ባዶ ገበታ ላይ አንድ ደር በየትኛውም ቤት ቢቀመጥ 14 ቤቶች ሊሄድባቸው ይችላል። ፈረስ በማእዘን ላይ ከሆነ 2፣ በመካከል ከሆነ 8 ቤቶች ይደርሳል። ፈርዝም ሆነ ፊል በማእዘን 1፣ በመካከል 4 ቤቶች ብቻ አሏቸው። ከዚህም በላይ ፈርዝ ዕድሜውን ሙሉ ቢመላለስ ከ64ቱ ቤቶች ከ32ቱ በቀር ሊረግጥ አይችልም። የፊል ነገር ደግሞ ይብሳል፤ እርሱ የሚረግጣቸው ቤቶች በጠቅላላው 8 ብቻ ናቸው። በገበታው ላይ ያሉት አራቱ ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤቶች ስላሏቸው፣ ከቶ አይገናኙም፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ አንዱ ሌላውን አይመታም። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር።

ይህን ዓይነቱን ስሌት የምንቀው አይደለም። የጥንት የዐረብ ሊቃውንት የሻትራንጅን ጠጠሮች ዋጋ በድርሃም ይተምኑ ነበር። በዛሬው ቼዝም ለጀማሪዎች እግረኛ 1፣ ፈረስ 3፣ ደር 5 ተብሎ ይነገራቸዋል። ቁጥሩን የማያውቅ ጀማሪ ደሩን በፈረስ ይለውጥና አተረፍኩ ብሎ ይደሰታል። ስለዚህ ቁጥር የፍርድ መነሻ ሊሆን ይገባዋል። ጥፋቱ የሚመጣው መነሻውን እንደ መድረሻ ስንቆጥረው ነው።

ለምን ቢባል፣ ቁጥሩ የተቆጠረው ባዶ ገበታ ላይ ነው። ጨዋታ ግን ባዶ ገበታ ላይ አይጀመርም። ጠጠሮቹ ሁሉ በየቦታቸው በተደረደሩበት ሰዓት ደር ስንት ቤት ሊሄድ ይችላል? አንድም! ከፊቱ መደቅ፣ ከጎኑ ፈረስ ዘግተውታል። ፈርዝም እንዲሁ ታግዷል። በዚያች ሰዓት መዝለል የሚችሉት ፈረስና፣ ደካማ ያልነው ፊል ናቸው። እንግዲህ በመጀመሪያዪቱ ሰዓት «ከደርና ከፊል ማን ይበረታል?» ብትባሉ መልሳችሁ ምን ይሆናል?

ይህ ነገር በአገራችን ሰንጠረዥ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጥንቱ ሕግ የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪመታ ድረስ፣ ባላጋራቸው ስንት ጊዜ እንደ ተንቀሳቀሰ ሳይቆጥሩ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የሚያዋጣቸውን አሰላለፍ አስቀድመው ያልያዙ ተጫዋቾች በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ይቀደማሉ። ስለዚህ ከጠጠሩ ጉልበት ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ጊዜውን ማወቅ ነው። በኋላ መንገዱ ሲከፈት የሚበረታ ጠጠር አለ፤ መንገዱ ገና ሳይከፈት የሚጠቅምም አለ።

በዘመናችን በሌላው ዓለም የተስፋፋ አንድ የካርታ ጨዋታም ይህንኑ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለ ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቾች ካርታዎቹን እየሰበሰቡ፣ ከሰበሰቡት መርጠው የየራሳቸውን ጥቅል ያዘጋጃሉ። በእያንዳንዱ ካርታ ላይ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን የሚያስከፍለው ዋጋም ተጽፏል። ዋጋው የሚከፈለው በመሬት ካርታዎች ሲሆን፣ አንድ ተጫዋች በየተራው አንድ መሬት ብቻ ይዘረጋል። ስለዚህ 7 የሚያስከፍል አስፈሪ አውሬ በተለመደው አካሄድ ከ7ኛው ተራ በፊት ሊወጣ አይችልም። ጀማሪዎች የአውሬውን ሥዕልና ኃይል አይተው ጥቅላቸውን በእንዲህ ያሉ ካርታዎች ይሞሉታል፤ ባላጋራቸው ግን በጥቃቅንና ርካሽ ካርታዎች እስከ 5ኛው ተራ ድረስ ይጨርሳቸዋል። ብርቱዎቹ ካርታዎች በእጃቸው እንዳሉ ይሸነፋሉ። የተማሪዬን ቃል አስታወሳችሁ? «ሁለቱም ደሮቼ እኮ አሉ!»

ከጊዜ ቀጥሎ የሚመዘነው ጓደኛ ነው። የባላጋራችሁ ንጉሥ በገበታው ማእዘን ቆሟል እንበል። የእናንተ ደር በዚያው በዳርቻው መስመር መጥቶ ያስፈራራዋል። ንጉሡ ከጎኑ ወዳለው ቤት ቢሸሽ አሁንም በደሩ መስመር ላይ ነው። ወደ ፊቱ ካሉት ሁለት ቤቶች ወደ አንዱ ቢራመድ ግን ያመልጣል። እንዲህ እያለ ሲያመልጥ ደሩ ብቻውን ቀኑን ሙሉ ቢያባርረው አይዘውም። አሁን ግን ሁለቱ የማምለጫ ቤቶች በሁለት መደቆች የሚጠበቁ ቢሆኑ ንጉሡ በዚያችው ቅጽበት ተያዘ። ድሉን ያገኘው ማን ነው? አፋችን «ደሩ» ይላል፤ ዐይናችን ግን ሁለቱን እግረኞች ያያል። እነርሱ አንድ ርምጃ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቆመው በመጠበቃቸው ብቻ፣ የደሩን ጉልበት ሙሉ አድርገውታል።

ይህን ነገር ለእንፍራንዝና ለአካባቢዋ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ አረማመዱን ይመለከታል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አይወስንም። በልቡ ያለው ቤቱ የቀረው በሬ ነው። አዲሱ በሬ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን፣ ከቀረው በሬ ጋር ቀንበር የማያስተካክል ከሆነ እርሻው ይጣመማል፤ ደካማውም ይጎዳል። ስለዚህ ገበሬው የሚገዛው በሬ ሳይሆን ጥማድ ነው ብንል አናጋንንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የአንዱን ክር ጥንካሬ ብቻ የለካ ሰው የድሩን ጥንካሬ አላወቀም።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሱም ሕግ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአውሮፓ የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ፈርዝ፣ በቀጥታም በሰያፍም የፈለገውን ያህል እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ዛሬ ንግሥት የምንላት እርሷ ናት። ስምንት ቤት ብቻ የነበሩት ፊልም በሰያፍ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ተደረገ። ከደካሞቹ አንዱ የነበረው ጠጠር በአንድ ትውልድ ዘመን ከሁሉ የበረታ ሆነ። እንጨቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተፈቀደለት ነገር ነው። እንግዲህ አንድን ጠጠር «በተፈጥሮው ደካማ ነው» ብለን ከመናገራችን በፊት፣ ድካሙ ከእርሱ ነው ወይስ ከታሰረበት ሕግ ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

የአገራችን የሰንጠረዥ ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው የተረዱት ይመስለኛል። በእነርሱ ዘንድ የባላጋራን ንጉሥ በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ትልቅ ጥበብ አይቆጠርም ነበር። በፈርዝ ወይም በፊል መያዝ ይበልጥ ያስከብራል፤ በመደቅ መያዝ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስመሰግናል። ለምን? በብርቱ ጠጠር ማሸነፍ የጠጠሩ ሥራ ነው ሊባል ይችላልና። በትንሹ ጠጠር ማሸነፍ ግን እያንዳንዱን ነገር በቦታውና በጊዜው ማኖር የሚያውቅ ተጫዋች ሥራ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ ተነሥቶ፣ «ታዲያ ሁሉም እኩል ነው ማለትዎ ነውን? ፊልን ከደር ጋር ያስተካከለ ሰው ይሸነፋል» ይለኝ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። እኔም ሁሉም እኩል ነው አላልኩም። ከመቶ ጨዋታ በአብዛኛው ደር ከፊል ይበልጣል፤ ምክንያት ሳይኖረው ደሩን በፊል የሚለውጥ ሰው ሞኝ ነው። የእኔ ክርክር «ምክንያት ሳይኖረው» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ምክንያት ሲኖር፣ ማለትም ያ ፊል የንጉሣችሁን በር የሚጠብቅ ወይም የባላጋራችሁን ንጉሥ መውጫ የሚዘጋ ሲሆን፣ ደር ሰጥቶ እርሱን ማትረፍ ብልህነት ነው። ምክንያቱን ለማየት ደግሞ ገበታውን መመልከት ያስፈልጋል። ቁጥሩን ብቻ በቃሉ የያዘ ሰው ገበታውን አይመለከትም፤ ፍርዱን ቤቱ ጨርሶ መጥቷልና።

ስለ ጠጠር ይህን ያህል መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ዓመት ለወላጆች በዓል የሚቀርብ የክርክር ቡድን እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። የክፍሉን የደረጃ መዝገብ ገልጬ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ የወጡትን ተማሪዎች መረጥኩ፤ ጉዳዩም በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሦስቱም አንደበተ ርቱዓን ነበሩ። ነገር ግን የተቃራኒውን ወገን ንግግር አድምጦ የሚመዘግብ፣ የቱ ነጥብ ሳይመለስ እንደ ቀረ የሚያስታውስ ከመካከላቸው አልነበረም። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተሸነፍንም። ከክርክሩ በኋላ ከኋላ ወንበር ትቀመጥ የነበረች፣ በደረጃ ከክፍሉ እኩሌታ በታች የሆነች ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። የሁለቱንም ወገን ነጥቦች በሁለት ዓምድ ከፍላ ጽፋቸው ነበር። መልስ ያላገኙትን ነጥቦች ከሥራቸው አስምራባቸዋለች። ደብተሩን ሳነብ አፈርኩ። የሚያስፈልገን ጠጠር ከክፍላችን ነበረ፤ እኔ ግን ባዶ ገበታ ላይ በተቆጠረ ቁጥር ፈርጄ ትቻት ነበር። ልጅቷ ያንን ዕለት ምን እንደ ተሰማት አልጠየቅኋትም። ያ ዝምታዬ ከሽንፈቱ ይልቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደረጃና ማርክ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ማርክ አንድ ተማሪ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ብቻውን ተቀምጦ የሰጠውን መልስ ይለካል። ይህም ጠቃሚ መለኪያ ነው። ነገር ግን ተማሪው ከሌሎች ጋር ሲሆን ምን እንደሚሠራ፣ ዛሬ የተዘጋው መንገድ ነገ ሲከፈትለት የት እንደሚደርስ አይነግረንም። እናንተም ራሳችሁን ስትመዝኑ ይህን አትርሱ። «እኔ ፊል ነኝ» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ፣ «እኔ ደር ነኝ» ብሎ በማእዘኑ ከቆመው ተማሪ ጋር አንድ ስሕተት ሠርቷል፤ ሁለቱም ገበታውን ሳያዩ በስም ፈርደዋል።

ይህ ምዕራፍ የሚያጠናው የቋንቋችን ሰዋስው ነውና ከዚያም አንድ ምሳሌ ልጨምር። «ብቻ» የምትለውን ቃል ተመልከቱ። ሁለት ፊደል ናት። ከብዙ ረጃጅም ቃላት አጠገብ ስትቆም ከቁጥር የምትገባ አትመስልም። ነገር ግን የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

አልማዝ ብቻ መጽሐፉን አነበበች።
አልማዝ መጽሐፉን ብቻ አነበበች።

በመጀመሪያው ከአልማዝ በቀር መጽሐፉን ያነበበ ሰው የለም። በሁለተኛው ደግሞ አልማዝ ከመጽሐፉ በቀር ሌላ ያነበበችው ነገር የለም። ቃሏ ያችው ናት፤ የተለወጠው ቦታዋ ነው። ቦታዋ ሲለወጥ የዓረፍተ ነገሩ ፍርድ በሙሉ ተለወጠ። ድርሰት ስትጽፉ ትልልቅና የሚያስገመግሙ ቃላትን ብቻ የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ጥቅሉን በአውሬ ካርታ የሞላውን ጀማሪ ትመስላላችሁ። ጥሩ ጸሐፊ የሚባለው ትንሿን ቃል በቦታዋ የሚያኖር ነው።

እንግዲህ አንድን ነገር፣ ጠጠርም ይሁን ካርታ፣ ቃልም ይሁን የሰው ችሎታ፣ ብርቱ ነው ወይም ደካማ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። አንደኛ፣ በአሁኑ ሕግ ምን ሊሠራ ይችላል? ሁለተኛ፣ ያንን ለመሥራት ስንት ጊዜና ምን ዋጋ ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ከማን ጋር ሆኖ፣ ማንን ተቋቁሞ ነው የሚሠራው? ለሦስቱ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ቁጥር ብትሰጡት ቁጥሩ ይረዳችኋል። ሳታገኙ ብትሰጡት ግን ያሳስታችኋል።

ለዚያ ለተማሪዬ ዛሬ መልስ የምሰጠው ቢሆን፣ «ደር ነው» አልለውም ነበር። «ና፣ ገበታውን አሳየኝ» ብዬ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

መልመጃ

1. ጸሐፊው «የተሳሳተው ልጁ ሳይሆን መልሴ ነበር» ያለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
2. ጸሐፊው ለአስተያየቱ ድጋፍ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ውስጥ ከሁሉ የሚያሳምናችሁ የትኛው ነው? የማያሳምናችሁስ? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. ጸሐፊው በራሱ ላይ ያነሣውን ተቃውሞ ከጽሑፉ ፈልጋችሁ አውጡ። መልሱ በቂ ነው ትላላችሁን?
4. «ብቻ»፣ «እንኳ» እና «ደግሞ» የሚሉትን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታቸውን እየለወጣችሁ ጻፉ፤ የሚመጣውንም የትርጉም ልዩነት አብራሩ።
5. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ጨዋታ፣ ሥራ ወይም መሣሪያ መርጣችሁ፣ ትንሽ ተብሎ የተናቀ ክፍሉ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ የሚያስረዳ የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።